የሆንግ ኮንግ ቸነፈር (1894)፦ ታማሚውን መለየት በሽታውን ለምን አላቆመውም?

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «በ1894 ሆንግ ኮንግ ቸነፈር ሲገባ የእንግሊዝ አስተዳደር ታማሚውን ከቤቱ አውጥቶ ለየ፤ ቤቱን በኖራ ቀባ፤ ሬሳውን ኖራ አልብሶ ቀበረ፤ አንድ ሙሉ ሰፈርም አፈረሰ። ይህ ሁሉ ተደርጎ በሽታው ከሁለት ዓመት በኋላ ለምን ተመለሰ? ለይቶ ማከሚያ ሆስፒታሉ ጥቅም አልነበረውም ማለት ነው?» ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ባጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ እንግባ። የተወሰደው እርምጃ ለፈንጣጣና ለኮሌራ የሚሠራ እርምጃ ነበር። ንፍፊት የሚያወጣው ቸነፈር ግን በዋናነት ከታማሚ ወደ አስታማሚ አይዘልም፤ የሚኖረው ቤቱ ውስጥ፣ በአይጥና በቁንጫ ላይ ነው። ታማሚው ሲወጣ ምንጩ ቤት ይቀራል። በዚህ ላይ መለየቱ በወታደር ጉልበት ስለተደረገ ሕዝቡ ታማሚውን መደበቅ ያዘ። ሆስፒታሉ በዚያ ዘመን መድኃኒት አልነበረውም። ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ጥቅም በሽታው የት እንዳለ ቀድሞ ማሳወቅ ነበር፤ እሱንም በዚህ አጣው።

መጀመሪያ ስለ በሽታው። ቸነፈር በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመሠረቱ የአይጥ በሽታ ነው። የታመመች አይጥን ደም የመጠጠች ቁንጫ ጨጓራዋ መግቢያ ላይ ባክቴሪያው ተባዝቶ ጉሮሮዋን ይዘጋዋል። ስለተዘጋ አትጠግብም፤ ደጋግማ ትነክሳለች፤ በነከሰች ቁጥርም የተዘጋውን ነገር ወደ ቁስሉ ትተፋዋለች። አይጧ ሞታ ስትቀዘቅዝ ቁንጫዋ ሌላ ሙቅ ገላ ፍለጋ ትወጣለች፤ ሌላ አይጥ ካላገኘች ሰው ላይ ትወጣለች። ስለዚህ መጀመሪያ አይጥ በብዛት ይሞታል፣ ከዚያ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ሰው መታመም ይጀምራል። ከተነከሰ ከ2 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ድንገተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፤ ብሽሽት፣ ብብት ወይም አንገት ላይ እጅ የማያስነካ ንፍፊት ያብጣል። ብሽሽት ላይ የሚበዛው ቁንጫ እግር ስለምትነክስ ነው።

ይህ ዓይነቱ ካልታከመ ከያዛቸው ሰዎች ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። ባክቴሪያው ወደ ሳንባ ከደረሰ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ በሳልና በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ካልታከመም ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይገድላል። እነዚህን ሁለት መልኮች ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የጥያቄዎ መልስ የተንጠለጠለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። የሆንግ ኮንጉ በአመዛኙ የንፍፊቱ ዓይነት ነበር።

አሁን ወደ ከተማው። ሆንግ ኮንግ ደሴት በእንግሊዝ እጅ ከገባች 1894 ላይ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። የሕክምናው ነገር ለሁለት የተከፈለ ነበር። በአንድ ወገን የመንግሥቱ ሲቪል ሆስፒታል አለ፤ ሐኪሞቹ አውሮፓውያን፣ አብዛኞቹ ታካሚዎቹም ፖሊሶች፣ መርከበኞችና የመንግሥት ሠራተኞች። በሌላ ወገን በቻይናውያን ነጋዴዎች የሚተዳደረው ቱንግ ዋ ሆስፒታል አለ። ቱንግ ዋ የተመሠረተው ከአንድ አሳፋሪ ነገር በኋላ ነው። ታይፒንግሻን በሚባለው የቻይናውያን ሰፈር ውስጥ በነበረ አንድ ቤተ መቅደስ ድኾች ሊሞቱ ሲሉ ከሬሳ ጋር ተደባልቀው እንደሚጣሉ በ1869 ተጋለጠ። አገረ ገዢው ሪቻርድ ማክዶኔል መሬትና ገንዘብ ሰጡ፣ ነጋዴዎቹም አዋጡ። በ1870 በአዋጅ ተቋቁሞ በ1872 ተከፈተ። ሕክምናው የቻይና ባሕላዊ ሕክምና ነው፤ ለድኻ ነጻ ነው፤ ሟችንም በወጉ ይቀብራል፣ አስከሬኑ ወደ ትውልድ መንደሩ እንዲመለስ ያደርጋል። ለቻይናዊው ሠራተኛ «ሆስፒታል» ማለት ይህ ነበር። የእንግሊዞቹ ሆስፒታል ሰው የሚቆራረጥበት ቦታ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ከሞት በኋላ አስከሬን መመርመር ለቻይናውያን ትልቅ ነውር ነውና።

የቤቶቹን አሠራር ሳናይ ማለፍ አንችልም፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። መሐንዲሱ ኦስበርት ቻድዊክ በ1882 የከተማዋን ንጽሕና መርምሮ ሪፖርት አቅርቦ ነበር። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው የተሠሩ፣ የአንዱ ጀርባ ከሌላው ጀርባ ወይም ከተቆረጠ ኮረብታ ጋር የተለጠፈ ነበር። ወርዳቸው ከ4 እስከ 5 ሜትር ገደማ ነው፤ ልኩን የወሰነው የወለሉና የጣሪያው ተሸካሚ የሆነው የጥድ እንጨት ርዝመት ነበር። መስኮት ያለው ከመንገዱ በኩል ብቻ። ባለቤቱ ያንን አንድ ወለል በሳንቃ ከፋፍሎ ለብዙ ቤተሰብ ያከራየዋል፤ ከኋላ ያሉት ክፍልፋዮች በቀንም ጨለማ ናቸው። ምድር ቤቱ አፈር ወይም ከሥሩ ባዶ የሆነ ንጣፍ፣ ፈሳሽ መውረጃው የተሰነጣጠቀ፣ ጣሪያውና ግድግዳው መሐሉ ክፍት። ለአይጥ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም።

የቻድዊክን ሪፖርት ተከትሎ በ1883 የጽዳት ቦርድ ተቋቋመ። በ1887 ለአንድ ሰው የሚያስፈልገውን ስፋት የሚደነግግ ረቂቅ ሲቀርብ ግን የቤት ባለቤቶች ተቃወሙ። በብሪታንያ ሕክምናና ሕግ የተማረው የሆንግ ኮንግ ቻይናዊ ሆ ካይ ራሱ የቻይናውያን አኗኗር የተለየ ነው፣ ኪራይም ይወደዳል ብሎ ተከራከረ፤ አንቀጾቹም ከረቂቁ ተሰረዙ። ከሰባት ዓመት በኋላ ለተከፈለው ዋጋ ይህ ውሳኔ ትልቅ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ።

ቸነፈሩ በ1894 መጀመሪያ በአቅራቢያዋ ባለችው የቻይና ከተማ በካንቶን ውስጥ ይገድል ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል በየቀኑ ጀልባና መርከብ ይመላለሳል። የሲቪል ሆስፒታሉን በተጠባባቂነት የሚመራው ዶክተር ጄምስ ላውሰን ካንቶን ሄዶ በሽታውን አይቶ ተመለሰ፤ ሜይ 8 ቀን በራሱ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ታማሚ ለየ። ሜይ 10 ቀን ቱንግ ዋ ሲገባ ወደ ሃያ የሚጠጉ ታማሚዎች ተኝተው አገኘ። በዚያው ቀን ወደቡ የተበከለ ወደብ ተብሎ ታወጀ። ልብ ይበሉ፦ በሽታው ቱንግ ዋ ውስጥ ቀድሞ ነበር፤ መንግሥቱ ግን እዚያ የሚነግረው ሰው አልነበረውም።

ከዚያ የሆነው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ታማሚዎቹ ሃይጂያ ወደምትባል ወደብ ላይ ወደቆመች የሆስፒታል መርከብ ተወሰዱ። ይህች መርከብ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፈንጣጣ ተብላ የተዘጋጀች ነበረች። ከከተማው በስተ ምዕራብ ኬኔዲ ታውን ያለው ፖሊስ ጣቢያ ወደ ሆስፒታልነት ተለወጠ። ከሽሮፕሻየር ክፍለ ጦር 300 ያህል ወታደሮች ተመድበው ቤት ለቤት ፍተሻ ጀመሩ። ታማሚ ከተገኘ ይወሰዳል፤ ሬሳ ከተገኘ ይወጣል፤ ነዋሪው ይነሣል፤ ምንጣፍና አልባሳት ይቃጠላል፤ ሳንቃው ይነቀላል፤ ቤቱ በድኝ ጭስ ይታጠናል፣ በመድኃኒት ይታጠባል፣ በኖራ ይቀባል።

ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው መገመት አያዳግትም። የውጭ ሐኪሞች የእርጉዝ ሆድ ቀድደው፣ የሕፃናት ዓይን አውጥተው መድኃኒት ይሠራሉ የሚል ወሬ ነደደ። በቱንግ ዋ በተጠራው ስብሰባ ሕዝቡ በቁጣ ተነሣ፤ የሆስፒታሉ ሊቀመንበር የተሳፈሩበት፣ ሰዎች የሚሸከሙት ወንበር በድንጋይ ተመታ። አገረ ገዢው ዊልያም ሮቢንሰን ትዊድ የምትባለውን የጦር ጀልባ ከታይፒንግሻን ፊት ለፊት አቆሙ። ሆኖም ትንሽ ለቀቅ ማድረግ ግድ ሆነ፤ ኬኔዲ ታውን ያለው የመስታወት ፋብሪካ በቱንግ ዋ ሥር በቻይናውያን ሐኪሞች የሚመራ ሆስፒታል ሆነ፣ በኋላም ታማሚዎች ወደ ካንቶን እንዲሄዱ ተፈቀደ። በእነዚያ ሳምንታት ከከተማው ሕዝብ ቢያንስ 80,000 ያህሉ ጥሎ ወጣ።

አሁን አንድ ቁጥር እንመልከት። በዓመቱ መጨረሻ የተመዘገበው ወደ 2,680 ታማሚና ከ2,550 በላይ ሞት ነው። ከመቶ ዘጠና አምስቱ ሞቱ ማለት ነው። የንፍፊት ቸነፈር ሳይታከም እንኳ እንዲህ አይገድልም፤ ከላይ እንዳልኩት ከ30 እስከ 60 በመቶ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? የሚመዘገበው ሊሞት የደረሰው ወይም ሞቶ የተገኘው ብቻ ስለነበረ ነው። የዳነው ሰው ተደብቆ ዳነ፤ አልተቆጠረም። በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው ወደ ሐኪም በሚመጡት አውሮፓውያን መካከል የሞት መጠኑ እጅግ ዝቅተኛ ነበር። በዘመኑ ብዙዎች ይህን በዘር ጥንካሬ ተረጎሙት፤ ስሕተት ነው። በእኔ እይታ ይህ ቁጥር የሚያሳየው ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ሆስፒታሉ ነው፦ ከእውነተኛው ወረርሽኝ ያየው ክፉውን ጫፍ ብቻ ነበር። ዛሬም በየትኛውም ወረርሽኝ የሞት መጠን ከሚጠበቀው በላይ ሲያሻቅብ «በሽታው ተለወጠ» ከማለት በፊት «ቀለል ያለው ታማሚ የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የጽዳቱ ሥራ ለምን እንዳልበቃ ደግሞ በቁሳቁሱ በኩል እንየው። በዘመኑ የሚታወቁት ማጠቢያዎች ካርቦሊክ አሲድ አንድ እጅ በ20 እጅ ውሃ፣ የሜርኩሪ ክሎራይድ አንድ እጅ በ1,000 እጅ ውሃ፣ የክሎሪን ኖራና ተራ ኖራ ናቸው። እነዚህ ወለልና ግድግዳ ላይ ያለን ባክቴሪያ ይገድላሉ። የቸነፈር ባክቴሪያ ግን ግድግዳ ላይ ብዙ የሚቆይ አይደለም፤ ያለው በቁንጫዋ ሆድ ነው። የሜርኩሪው ውሃ ቁንጫን አይገድልም። ቁንጫን የሚገድለው በሳሙና የተበጠበጠ ላምባ ነው፤ ይህም የታወቀው በኋላ ነው። የድኝ ጭስ ክፍሉ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ አይጥንም ቁንጫንም ይገድላል፤ የተለመደው መጠን ለ28 ሜትር ኩብ ክፍል 1.4 ኪሎ ያህል ድኝ ነበር። ክፍት ጣሪያ፣ የተሰነጠቀ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለውን ቤት ግን ማን ይዘጋዋል? ጭሱ በቀዳዳው ይወጣል፤ አይጡ ጎረቤት ይሻገራል። ቤቱ ሲፈርስም እንዲሁ ነው። ታይፒንግሻን ውስጥ ወደ 10 ኤከር መሬት ላይ የነበሩ ከ380 በላይ ቤቶች በሕግ ተወርሰው፣ አካባቢው ታጥሮ ፈረሱ። አይጥ ግን ቤቱ ሲፈርስበት አይሞትም፣ ይሰደዳል።

ነገር ግን ኦገስት ላይ በሽታው በርግጥ ቀነሰ፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ወደቡ ነጻ ተባለ። አስተዳደሩ የእኔ ሥራ ውጤት ነው አለ። ዋናው ምክንያት የአየሩ ጠባይ ነው። ከ28 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ የቁንጫዋን ጉሮሮ የዘጋው ነገር ይላላል፤ ማስተላለፏም ይዳከማል። በቀጣዮቹ ዓመታትም የሆንግ ኮንግ ቸነፈር ከሜይ በፊት ተነሥቶ ሜይና ጁን ላይ ይበረታል፣ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሙቀት ይወርዳል። ወቅቱ ያመጣው ለውጥ እርምጃው ያመጣው እየመሰለ የተሳሳተ ዘዴ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል፤ በ1895 ጥቂት ታማሚዎች ብቻ ታዩና ተስፋ ተደረገ፤ በ1896 እንደገና ተነሥቶ ከ1,000 በላይ ሰው ገደለ።

እዚህ ላይ የበሽታውን ባክቴሪያ ሊፈልጉ ስለመጡት ሁለት ተመራማሪዎች ትንሽ። ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ጁን 12 ቀን ደረሰ፤ ሆስፒታሉ ቦታና አስከሬን ሰጠው። ከኢንዶቻይና የመጣው አሌክሳንድር የርሲን ከሦስት ቀን በኋላ ደረሰ፤ አስከሬን ተከለከለ፤ በሣር ጎጆ ውስጥ አነስተኛ ላቦራቶሪ አቋቁሞ ሬሳ የሚቀብሩትን መርከበኞች ገንዘብ ሰጥቶ የንፍፊት ናሙና ወሰደ። ኪታሳቶ በይበልጥ ደምና የውስጥ አካል ሲመረምር የርሲን በቀጥታ ንፍፊቱን ወጋ፤ ባክቴሪያው ተጠራቅሞ የሚገኘው እዚያ ነው። ማሞቂያ ሳጥን ያልነበረው መሆኑም ሳይጠቅመው አልቀረም፤ ይህ ባክቴሪያ ከሰው ገላ ሙቀት ይልቅ 28 ዲግሪ አካባቢ በደንብ ያድጋል፣ በ37 ዲግሪ ግን ሌሎች ባክቴሪያዎች ሊቀድሙት ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የርሲን በየመንገዱ የሞቱትን አይጦች መርምሮ ያንኑ ባክቴሪያ አገኘ፤ አይጥ ዋና አዛማች ሳትሆን አትቀርም ብሎም ጻፈ። ቁንጫዋን ግን አላወቀም። እሷን ያሳየው ፖል ሉዊ ሲሞን በ1898 ካራቺ ላይ ነው፤ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ደግሞ ከ1905 በኋላ በቦምቤይ በተደረጉ ሙከራዎች ነው። በእነዚያ ሙከራዎች ቁንጫ ልትዘልበት ከምትችለው ከፍታ በላይ የተንጠለጠለ ሳጥን ውስጥ ያሉ እንስሳት አልታመሙም፤ መሬት አጠገብ ያሉት ታመሙ። አየር ቢያስተላልፈው ኖሮ ሁለቱም በታመሙ ነበር።

ታዲያ ሆንግ ኮንግን ምን አዳናት? አንድ ነገር አይደለም፤ ቀስ በቀስም ነው የመጣው። በ1896 የመንግሥት ኮሚሽን ቱንግ ዋን መረመረ። ይዘጋ የሚል ድምፅ ነበር፤ አልተዘጋም። በምትኩ የምዕራባውያኑን ሕክምና የተማረ ቻይናዊ ሐኪም ተሾመበት፤ ታካሚው የትኛውን ሕክምና እንደሚፈልግ ራሱ ይመርጣል። በ1903 አገረ ገዢው ሄንሪ ብሌክ ታማሚዎች በቤታቸውና በየአካባቢያቸው ሆስፒታል እንዲታከሙ ሞከሩ። ከ1905 ጀምሮ ደግሞ በቻይናውያን ማኅበረሰብ የሚመሩ የሕዝብ መድኃኒት ቤቶች በየሰፈሩ ተከፈቱ። ከዚያ በፊት ቤተሰብ ሬሳውን በሌሊት አውጥቶ መንገድ ላይ ይጥል ነበር፤ ቤቴ ይታጠናል፣ ንብረቴ ይቃጠላል ብሎ ስለሚፈራ። ሬሳው መንገድ ላይ ከተገኘ በሽታው ከየትኛው ቤት እንደወጣ አይታወቅም፤ ቁጥጥሩ እዚያው ላይ ይበጠሳል። መድኃኒት ቤቶቹ ሟቹን ይመዘግባሉ፣ ቀብሩን ያመቻቻሉ፣ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ለቤተሰቡ ይነጋገራሉ። የሚጣለው ሬሳ የቀነሰው በዚህ ነው።

ሁለተኛው የቤት ሕግ ነው። በ1902 ዊልያም ሲምፕሰንና ያው ቻድዊክ ተጠርተው መረመሩ፤ በ1903 አዲስ የጤናና የሕንፃ ሕግ ወጣ። ምድር ቤት በኮንክሪት ይደፈን፤ ከቤት ጀርባ ክፍት ቦታ ይኑር፤ የክፍልፋዩ ብዛት ይወሰን። ለአይጥ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የምትቆፍረው አፈር የለም፣ የምትደበቅበት ባዶ መሐል የለም።

ሦስተኛው አይጥ መሰብሰብ ነው። ለአይጥ ገንዘብ መክፈል በብዙ ከተማ ተሞክሯል፤ የሚበላሽበት መንገድም አንድ ነው፣ ሰው አይጥን ከሌላ ቦታ ያመጣል ወይም ያረባል። በ1902 ሃኖይ ውስጥ ክፍያው በጭራ ስለነበረ ጭራቸው ተቆርጦ የተለቀቁ አይጦች ታዩ። ሆንግ ኮንግ በኋላ የያዘችው ዘዴ የተሻለ ነበር፦ በየመንገዱ መብራት ምሰሶ ላይ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለበት ሳጥን ተሰቀለ፣ ነዋሪው የሞተ አይጥ ሲያገኝ ይጥልበታል። አይጦቹ ተሰብስበው ይመረመራሉ፤ ለዚህ ሥራ በ1906 ታይፒንግሻን አካባቢ የባክቴሪያ ምርመራ ተቋም ተከፍቶ ነበር። የተያዘ አይጥ የወጣበት ምሰሶ ከታወቀ ሰው ሳይታመም ሰፈሩ ይታወቃል። እንደ እኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ ፍለጋው ከሰው ወደ አይጥ ዞረ፣ ማንም በሩ ሳይሰበር መረጃ መስጠት ቻለ። በሽታው ግን ቶሎ አልጠፋም፤ እየጨመረና እየቀነሰ እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ቆየ፤ በጠቅላላው ከ20,000 ያላነሰ ሰው ገደለ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ መለየት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ለሳንባ ቸነፈር የግድ ነው፦ ታማሚው ለብቻው ክፍል ይገባል፣ እሱም አስታማሚውም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያደርጋሉ፤ ይህ ተገቢው አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት እስኪያልፍና ታማሚው እስኪሻለው ይቀጥላል። ቀርቦ የተነካካ ሰው ለ7 ቀን መከላከያ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። የንፍፊቱ ዓይነት ሲሆን ሳንባው አለመነካቱን ማረጋገጥ፣ መግል ሲነካ ጓንት ማድረግ፣ በልብሱ ላይ ያለውን ቁንጫ ማጥፋት ይበቃል። በሁለቱም መድኃኒቱ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ መጀመር አለበት፤ ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ይሠራሉ፤ ፔኒሲሊን ግን ለዚህ በሽታ አይሆንም።

ቤቱን በተመለከተ ዛሬም የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ፦ በጭንቀት አይጥ መርዝ ቀድሞ መርጨት። አይጧ ስትሞት ቁንጫዎቿ ወደ ሰው ይወጣሉ፤ ወረርሽኙ ይባባሳል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ የቁንጫ መድኃኒት በአይጥ መተላለፊያና ጉድጓድ ላይ መነስነስ፣ ቁንጫው መሞቱ ከታየ በኋላ አይጡን ማጥፋት፣ ከዚያ ቀዳዳውን በሲሚንቶ መድፈንና እህሉን ከመሬት ከፍ አድርጎ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ነው። የሞተ አይጥ የተገኘ እንደሆነ በባዶ እጅ አይነካም፤ መጀመሪያ የቁንጫ መድኃኒት ይረጭበታል፣ ከዚያ በረጅም መቆንጠጫ ወይም በጓንት ተነሥቶ በድርብ ፕላስቲክ ይታሰራል፣ የተገኘበት ቤትና ቀን ተጽፎበት ለጤና ጣቢያ ይሰጣል።